ሆድ እስኪገፋ የሚጠብቅ ድጋፍ

በክልላችን የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚሠራባቸው ወረዳዎች ከጥር እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ የማኅበረሰብ ሥራ ወቅት ነው። እርከን ይሠራል፣ ክትር ይታሰራል፣ የችግኝ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የገጠር መንገድ ይጠገናል። ወቅቱ ከተፋሰስ ልማት ዘመቻው ጋር ስለሚገጥም የቀበሌ አመራሩም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ የቡድን መሪውም ዓይናቸው ያለው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ዛሬ ስንት ሰው ወጣ? በዚህ መሐል አንዲት የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ድንጋይ ተሸክማ ብታልፍ ማንም ልብ አይላትም። ሆዷ አልገፋም፤ እርሷም አልተናገረችም፤ በመዝገቡ ላይ ከስሟ አጠገብ የመገኘት ምልክት ተደርጓል።

መመሪያው ግን ይህች ሴት እዚያ መገኘት የለባትም ይላል። የማኅበረሰብ ሥራ ተሳታፊ የሆነች ሴት እርግዝናዋ በጤና ባለሙያ ከተረጋገጠበት ጊዜ ጀምሮ ከጉልበት ሥራ ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። ሕፃኑ ቢያንስ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስም ወደ ሥራው አትመለስም። ክፍያዋ አይቋረጥም፣ አይቀነስም። የቤተሰቡ ድርሻ እንዳለ ሆኖ የሚቀረው የእርሷ ጉልበት ብቻ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በነበሩት ምዕራፎችም ነፍሰ ጡሮችንና አጥቢ እናቶችን ከከባድ ሥራ የሚያወጣ ድንጋጌ ነበረ፤ ነገር ግን ያ ድንጋጌ የሚሠራው እርግዝናው ወራት ከገፋ በኋላ ሲሆን ከወሊድ በኋላም እስከ 10ኛው ወር ድረስ ብቻ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የተተገበረው አራተኛው ምዕራፍ መነሻውን እርግዝናው ወደሚረጋገጥበት ቀን አመጣው፤ መጨረሻውንም ወደ ሕፃኑ የአንድ ዓመት ልደት አራዘመው።

ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጥያቄ መብቱ አለ ወይስ የለም የሚል አይደለም። መብቱ በየትኛው ወር ከሴቷ እጅ ይገባል የሚል ነው። ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አንድና ሁለት ወር መዘግየት የተለመደ ነገር ሊመስል ይችላል። በሴፍቲኔት የሥራ ወቅት ውስጥ ግን ሁለት ወር ማለት የዘመኑ ሥራ ሲሶ ነው፤ ሴቷ አንዴ ከሠራችው ደግሞ ተመልሶ የሚካካስ አይደለም።

በስሌት እንየው። አንዲት ሴት በጥቅምት መጀመሪያ ፀነሰች እንበል። ኅዳር ሲገባ የወር አበባዋ መቅረቱን ታውቃለች። በታኅሣሥ ጤና ኬላ ሄዳ ብትመዘገብና ወረቀቷ በዚያው ወር ለግብርና ባለሙያው ቢደርስ፣ ጥር ላይ የማኅበረሰብ ሥራው ሲጀመር ስሟ ከሥራ ዝርዝር ወጥቶ ቀጥታ ድጋፍ ላይ ይሰፍራል። ዘመኑን ሙሉ ድንጋይ አትነካም። ይህችው ሴት ሆዷ እስኪታይ ብትጠብቅ ግን አምስተኛ ወሯ የሚሆነው በመጋቢት ነው። የዚያ ወር የክፍያ ሰነድ ተዘጋጅቷል ከተባለች ደግሞ መጋቢትንም ሠርታ ከሥራ የምትወጣው በሚያዝያ ይሆናል። ከስድስቱ የሥራ ወራት ሦስቱን ሠርታለች ማለት ነው። ያውም የመጀመሪያዎቹን፣ የተፋሰስ ሥራው የሚበረታባቸውን ወራት።

ስሌቱ በዚህ አያበቃም። ልጁ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መግቢያ ይወለዳል። ክረምቱ የማኅበረሰብ ሥራ ስለሌለበት ማንም አይጠራትም። ጥር ሲመጣ ሕፃኑ ስድስት ወር ይሆነዋል። ይህ ዕድሜ ለጤና ባለሙያው ትልቅ ትርጉም አለው፤ ከእናት ጡት በተጨማሪ ምግብ የሚጀመርበት፣ እናት ገንፎውን በቀን ደጋግማ የምትሠራበት፣ ልጁም ምግብ ካልተስማማው ወይም ካነሰው መቀጨጭ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ለቡድን መሪው ግን «አራስነቷ አልቋል» የሚባልበት ጊዜ ነው። በባህላችን አራስ የምትታረሰው በሳምንታት ተቆጥሮ ስለሆነ፣ የስድስት ወር ልጅ ያላት ሴት እንደ ማንም ጤነኛ ሠራተኛ ብትቆጠር ለብዙ ሰው አይደንቅም። በመመሪያው መሠረት ግን ይህች ሴት ሁለተኛውንም የሥራ ዘመን ከጥር እስከ ሰኔ ሙሉውን ነፃ ናት። በአንድ እርግዝና ሁለት የሥራ ዘመን ይሸፈናል ማለት ነው። ዘግይታ የገባችና ቀድማ የተመለሰች እናት የምታገኘው ከሁለቱ ዘመን አንዱን ግማሽ ብቻ ነው። በሪፖርት ላይ ግን እርሷም ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ከተዛወሩት እናቶች አንዷ ተብላ ትቆጠራለች።

ሴቲቱ ለምን ቀድማ አትናገርም? ይህን ጥያቄ የወረዳ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ «የግንዛቤ እጥረት» በሚል ሐረግ ያልፉታል። ሐረጉ ምቹ ነው፤ ምንም አያስረዳም እንጂ። በገጠሩ አንዲት ሴት ገና ያልታየ ፅንስ ይዛ በአደባባይ ብትናገር ዓይን ይገባኛል፣ ይጨነግፍብኛል፣ መሳቂያ እሆናለሁ የሚል ስጋት አላት። ከዚህ ቀደም ያስወረዳት ሴት ስጋቷ ይብሳል። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ደግሞ እርግዝናዋን ለቀበሌ ማስመዝገብ ማለት ለአገር ማወጅ ነው። ገና ያላገባች ልጅማ ከነጭራሹ አታስበውም። በዚህ ላይ ወሬውን የሚቀበላት ሰው ማን እንደሆነ እናስብ። በሥራ ቦታ ስም የሚጠራው የቡድን መሪ ወንድ ነው፤ ጎረቤት ነው፤ አንዳንዴም የባሏ ዘመድ ነው። በሰው ፊት «ነፍሰ ጡር ነኝ» እንድትለው፣ እርሱም ሆዷን አይቶ እንዲያምናት መጠበቅ ከሥርዓቱ ችግር የሚመነጭ እንጂ ከእርሷ ድንቁርና የሚመጣ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገር አቀፍ ደረጃ ያሳየውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ከወለዱት እናቶች 74 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል አድርገዋል። አራትና ከዚያ በላይ ጊዜ የተከታተሉት ግን 43 በመቶ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ክትትል የጀመሩት ደግሞ 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዝውውሩ የሚጀምረው ከጤና ባለሙያው ማረጋገጫ ከሆነ፣ ከአሥር ሴቶች ሰባቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መብታቸውን የሚጠይቁበት ወረቀት እንኳን በእጃቸው አይኖርም ማለት ነው። የጤናው ዘርፍ ክትትሉ ዘገየ ይላል፤ የግብርናው ዘርፍ ዝውውሩ ዘገየ ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንዲት ሴት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። መንገዱ በጽሑፍ ሲታይ አጭር ነው። ሴቷ ጤና ኬላ ትሄዳለች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እርግዝናውን አረጋግጣ የማዛወሪያ ወረቀት ትጽፋለች፤ ወረቀቱ ለግብርና ልማት ሠራተኛው ይደርሳል፤ እርሱ ከሥራ ዝርዝሩ አውጥቶ በቀጥታ ድጋፍ ዝርዝር ያሰፍራታል፤ የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ያውቀዋል፤ ወረዳው የክፍያ ሰነዱን ያስተካክላል። በመሬት ላይ ሲኬድ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ጤና ኬላውና የልማት ሠራተኛው ጽሕፈት ቤት በአንድ ግቢ ያልሆኑበት ቀበሌ ብዙ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለክትባት ቤት ለቤት ስትዞር በሩ ተዘግቶ ይገኛል። የልማት ሠራተኛው ስብሰባ ላይ ይሆናል። ወረቀቱን ይዛ የምትመላለሰው ሴቷ ናት። ቀበሌው ሰፊ ከሆነ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ከሥራ ቀርታለች ተብሎ በመዝገብ ሊያዝባት ይችላል። ጠዋት ሄዳ ያጣችው ሰው ከሰዓት ይመጣል ብላ ብትጠብቅ ከብቱና ልጁ ቤት አሉ። ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ያጣች ሴት ሦስተኛ አትመለስም፤ ድንጋዩን መሸከም ይቀላታል።

ይህን ምልልስ ማሳጠር ገንዘብ አይጠይቅም። ወረቀቱን የሚያመላልሰው ባለሙያው እንጂ ሴቷ መሆን የለባትም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የልማት ሠራተኛው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በገበያ ቀን፣ ተገናኝተው ስም ቢቀባበሉ ሴቷ አንድ ጊዜ ብቻ ጤና ኬላ ሄዳ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እርግዝናዋም ለቡድን መሪው መነገር አያስፈልገውም። ለእርሱ የሚደርሰው «እገሊት ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ዝርዝር ወጥታለች» የሚል ቃል ብቻ ይሆናል። ከዝርዝር የሚያስወጡ ምክንያቶች ሌሎችም ስላሉ (በሽታ አለ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የምታስታምም እናትም በዚሁ መንገድ ትዛወራለች) ለምን እንደወጣች ማብራሪያ መጠየቅ የእርሱ ሥራ አይደለም። አንዳንድ የቡድን መሪዎች «እስቲ ሆድሽ ይታይ፣ ያኔ እናያለን» ሲሉ ይሰማል። ይህ ከመመሪያው ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነው። ማረጋገጥ የጤና ባለሙያው ሥራ ነው እንጂ የዓይን ሥራ አይደለም።

ሞዴሉ በክልላችንም ተሞክሯል። በደዋ ጨፋና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ድጋፍ የተሠራው የተቀናጀ የሴፍቲኔት ሥራ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያን በመሐል አስገብቶ የሴፍቲኔት ተጠቃሚውን ቤተሰብ ከጤና አገልግሎትና ከማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ጋር ለማያያዝ የታሰበ ነበር። ከእርሱ የሚወሰደው ዋና ነገር ተጠቃሚዋን ከቢሮ ወደ ቢሮ ከማንከራተት ቢሮዎቹን ማነጋገር እንደሚቻል ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ የሌለው ቀበሌ ይህን ሥራ በሁለቱ ባለሙያዎች መካከል በሚደረግ የሳምንት ቀጠሮ ሊሠራው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም የተፋሰስ ዕቅዱ ነው። ወረዳው ለቀበሌው የሚሰጠው ዕቅድ በሔክታር፣ በኪሎ ሜትርና በሰው ቀን የተለካ ነው። እርከኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሆን የሚሰላው በዝርዝሩ ላይ ካሉት ሠራተኞች ቁጥር ተነሥቶ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ስንት ሴቶች በወቅቱ ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ እንደሚሆኑ ካልተገመተ፣ እያንዳንዷ ወደ ቀጥታ ድጋፍ የምትዛወር ሴት ከዕቅዱ ላይ የምትቀነስ ጉልበት ሆና ትታያለች። የልማት ሠራተኛው የሚጠየቀው በጎደለው ኪሎ ሜትር ነው። በዘገየችው ወረቀት የጠየቀው አለቃ ግን የለም። ስለዚህ ወረቀቷን በሚቀጥለው ወር ቢያስገባት ይቀለዋል። ክፋት አይደለም፤ ሚዛኑ ወደዚያ ያደላ ስለሆነ ነው። ሚዛኑን ማስተካከል የሚችለው ደግሞ ዕቅዱን የሚያወርደው ወረዳ ነው። ባለፈው ዓመት በየቀበሌው ስንት ሴቶች እንደወለዱ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ያውቃል። ያን ቁጥር ይዞ በታኅሣሥ የሥራ ዕቅድ ሲወጣ አስቀድሞ የሰው ቀኑን መቀነስ የአንድ ቀን የወረቀት ሥራ ነው። የእርከኑ ኪሎ ሜትር ትንሽ ያጥራል። ያጠረው ኪሎ ሜትር ድሮም ነፍሰ ጡር ባትሠራው ኖሮ የማይኖር ነበር።

ስለ ሴቶች የሥራ ጫናም መመሪያው የሚለው አለ። በአራተኛው ምዕራፍ ማንኛዋም ሴት፣ ነፍሰ ጡር ብትሆንም ባትሆንም፣ የዕለት የሥራ ጫናዋ ከወንዱ በግማሽ እንዲያንስ ተደንግጓል፤ አርፍዳ መምጣትና ቀድማ መሄድ ትችላለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውሃው፣ እንጨቱ፣ እንጀራው ይጠብቃታል። በሥራ ቦታ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖርም ተብሏል። ዳስ ጥለው ልጆች የሚጠብቁ እናቶች ሥራቸው እንደ ሌላው የማኅበረሰብ ሥራ ይቆጠርላቸዋል። ይህ በተግባር የታየበት ቦታ ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ለአባወራው የሚሆን ነገር እናንሣ፤ ብዙ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነውና። የማኅበረሰብ ሥራ ድርሻ የሚሰላው በቤተሰብ አባል ነው። ለአንድ ሰው በወር 5 የሥራ ቀን ይያዛል። ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉበት ቤት በወር 20 ቀን ሠርቶ የአራት ሰው ክፍያ ያገኛል። በእህል ሲሰጥ በአራተኛው ምዕራፍ ስሌት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ነው። ሚስት ነፍሰ ጡር ሆና ስትዛወር ክፍያው የአራት ሰው እንደሆነ ይቀጥላል። የሚቀነሰው የሥራ ቀኑ ነው። አንድ አዋቂ በወር ከ15 ቀን በላይ እንዲሠራ አይጠበቅበትም። በአንዳንድ ቦታ ግን «የሚስትህን ቀን አንተ ሙላ» ተብሎ ባል 20ውንም ቀን ይወጣል። የራሱ እርሻ መሬት በበልግ ዝናብ እየጠበቀው ከሆነ ጉዳቱ ለሁለቱም ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ባልየው ራሱ ሚስቱን «ትንሽ ቆይተሽ ተናገሪ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የባልን ቀን ማብዛት ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በነፍሰ ጡሯ ጀርባ ላይ ነው።

ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶችም በገበሬው ዘንድ ይሰማሉ። አንደኛው፣ ለነፍሰ ጡር ተጨማሪ ገንዘብ ይሰጣል የሚል ነው። አይሰጥም። ድጋፉ ከሥራ ነፃ ሆኖ የነበረውን ክፍያ መቀበል ነው። የማኅበረሰብ ሥራ ክፍያ የስድስት ወር ስለሆነም ከዚያ ወር ውጪ የሚጠየቅ ነገር የለም። ዓመቱን ሙሉ 12 ወር የሚከፈለው ለቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች፣ ማለትም ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያንና መሥራት ለማይችሉ አካል ጉዳተኞች ነው። ሁለተኛው አመለካከት ደግሞ የባሰ ነው፤ ከሥራ ዝርዝር የወጣች ሴት ከሴፍቲኔትም ትወጣለች የሚል ፍርሃት። በተለይ ተጠቃሚ የማጣራትና የማስመረቅ ወሬ በሚነሣበት ወቅት ስሟ ከአንድ ዝርዝር ወደ ሌላ ሲዛወር በመሐል እንዳይጠፋ የምትፈራ ሴት ፍርሃቷ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ስም በዝውውር መሐል የጠፋበት ቤተሰብ ካለ የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያለው ለዚህ ነው። ሴቶች ኮሚቴው መኖሩን እንዲያውቁ፣ አባላቱም እነማን እንደሆኑ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ማድረግ ከግብረ ኃይሉ ይጠበቃል።

ከመብቱ ጋር አብረው የሚሄዱ ግዴታዎችም አሉ። የተዛወረችው እናት የእርግዝና ክትትሏን ትቀጥላለች፣ ከወለደች በኋላ ትመረመራለች፣ ሕፃኑን ታስከትባለች፣ ክብደቱን ታስለካለች፣ ስለ አመጋገብ በሚሰጠው ትምህርት ትገኛለች። እነዚህ «ለስላሳ ግዴታዎች» የሚባሉ ናቸው። ባታሟላቸው ክፍያዋ አይቀነስም፤ ባለሙያዎች ግን ቤቷ ድረስ ሄደው ለምን እንደቀረች ይጠይቋታል። አንዳንድ የቀበሌ አመራር ይህን ወደ ቅጣት ለውጦ «ካልመጣሽ አይከፈልሽም» ማለቱ ትክክል አይደለም። ጤና ኬላው ሲዘጋ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ፣ መንገዱ በጎርፍ ሲቆረጥ ጥፋቱ የእናት አይደለምና።

ይህ ሁሉ ክርክር ስለ ተጠቃሚ ሴቶች ነው። ከሴፍቲኔት ውጪ ያለችው አርሶ አደር ሴትስ? የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሴቶች ሙሉ ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድን መብት አድርጎ ያስቀምጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቅጥር የምትሠራ ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከክፍያ ጋር ታርፋለች። የማዛወሪያ ወረቀቱን የምትጽፈው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ስታረግዝ ደመወዝ የማይቆረጥበት የወሊድ ፈቃድ አላት። አርሶ አደሯ ግን አሠሪ የላትም፤ ደመወዝም የላትም። በእርሻና በጓዳ መካከል ስትባክን የምትቆጠርላት የሥራ ቀን የለችም። ያላት ነገር በጤና ተቋም በነፃ የሚሰጠው የእርግዝና ክትትልና የማዋለድ አገልግሎት፣ መንገድ ሲርቅ በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ፣ ምጥ ሲጠና አምቡላንስ ነው። ትንሽ አይደለም፤ ከጉልበት ሥራ የሚያሳርፋት ግን አይደለም። በአገራችን የገጠር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ከሥራ ነፃ እየሆነች ክፍያ የምታገኝበት ዋነኛው የመንግሥት ሥርዓት ይህ የሴፍቲኔት ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ነው። እርሱም በአግባቡ ካልደረሰ ሌላ የሚተካው የለም።

የነፃ ጉልበት ዘመቻውንም በዚሁ አጋጣሚ እናንሣ። በጥር የሚጀመረው የተፋሰስ ሥራ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ያልሆነውንም ገበሬ ያሳትፋል። እዚያ የክፍያ ሰነድም ሆነ የማዛወሪያ ወረቀት የለም፤ የሚያስቀር ነገር ቢኖር የልማት ቡድኑ መሪ ርኅራኄ ብቻ ነው። ከሴፍቲኔት ሥራ በወረቀት ነፃ የወጣች ነፍሰ ጡር በማግሥቱ በዘመቻው ተጠርታ ዶማ ከያዘች ነፃነቷ የወረቀት ላይ ሆኖ ይቀራል። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ባለሙያ ስለሚመሩ በሁለቱም ዝርዝር ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ማድረግ ያን ያህል አይከብዳቸውም።

የግብርናው ዘርፍ ይህን ጉዳይ የጤናው ዘርፍ ጉዳይ አድርጎ ማየቱ ስህተት የሚሆነው በሌላም ምክንያት ነው። በ2011ዱ ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት ቀጭጨው ተገኝተዋል። በ2007 ዓ.ም. በዋግ ኽምራዋ ከተማ ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀጨጭ እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ሲታወጅ ከፈራሚዎቹ ሴክተሮች አንዱ ግብርና ነበር። መቀጨጭ የሚጀምረው በማኅፀን ነው። ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ያሉት 1 ሺህ ቀናት የሚባሉትም ለዚህ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ጓሮ አትክልት፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ ፍየል ወተት ያስተምራል፤ መልካም ነው። እነዚያ ቀናት ሲቆጠሩ ግን በመጀመሪያዎቹ መቶ ቀናት እናትየዋ የት እንደነበረች የሚያሳየው ሰነድ ያለው በራሱ በግብርና ጽሕፈት ቤት እጅ ነው፤ የማኅበረሰብ ሥራ መዝገቡ።

የወረዳ የምግብ ዋስትና ዴስክ በየወሩ ከቀበሌ የሚቀበለው ሪፖርት ዛሬ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ የተዛወሩ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢ እናቶች ብዛት። ከዚህ ቁጥር ጎን ሁለት ነገር ቢጨመር ሥዕሉ ይለወጣል። አንደኛው እያንዳንዷ ስትዛወር ስንተኛ ወሯ እንደነበር ነው። ሁለተኛው በጤና ኬላው መዝገብ የመጀመሪያ ክትትል ካደረገችበት ቀን እስከ ክፍያ ሰነዱ ማስተካከያ ድረስ ስንት ቀን እንደወሰደ ነው። ሁለቱም በቀበሌው ውስጥ በሁለት መዝገቦች ላይ ተጽፈው ያሉ ናቸው። ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጤና ኬላው በማይሠራባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ከጤና ጣቢያ የመጣ ማረጋገጫ እኩል ተቀባይነት እንዳለው ወረዳው ለልማት ሠራተኞቹ በደብዳቤ ቢያሳውቅ፣ በዚህ የሥራ ዘመን «ወረቀትሽ ከቀበሌው አይደለም» ተብላ የምትመለስ ሴት አትኖርም።